ለሶላቱ መልስ ተገኘ፤ ለገላውስ?

በሁለት ሺህ ሰባት ዓመተ ምሕረት፣ በየካቲት ወር፣ ነኢማ ለልጇ ለአፍናን የሳል ሽሮፕ ልትገዛ ከሚሴ አስፋልቱ ዳር ካለው መድኃኒት ቤት ገባች። ሳሉ ከጀመረ ገና ሁለት ቀኑ ነው። ነኢማ ግን በልቧ የሳንባ ነቀርሳ ብላ ስም አውጥታለት፣ ልጅቷን አልጋ ላይ አስተኝታ፣ አስታምማ፣ አልቅሳም ጨርሳለች። እንዲህ ናት። ባሏ ዑመር በሚኒባስ ከሚሴና ደሴ ይመላለሳል። ትንሽ ከዘገየ መኪናው ተገልብጦ፣ ለቀስተኛው ግቢውን ሞልቶ፣ እሷ ልጆቿን ይዛ የምትወድቅበት አጥታ ስትንከራተት ሁሉ ይታያታል። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሳለች፤ የሬዲዮ የጤና ፕሮግራም አያመልጣትም፤ የሰማችው በሽታ ሁሉ ግን ያን ዕለት ማታ ቤቷ የገባ ይመስላታል። ዑመር፣ "ሰው ተምሮ ብርሃን ያያል፤ አንቺ ተምረሽ ገደል ታያለሽ" ይላታል።

ከባንኮኒው ፊት አንዲት አሮጊት ጀርባቸውን ሰጥተው ቆመዋል። ሻጩ በጋዜጣ የጠቀለለላቸውን ነገር ቸኩለው ከነጠላቸው ሥር ሲከቱት ጋዜጣው ተቀደደና የውስጡ ላስቲክ ብቅ አለ። ሞዴስ ነበር። ነኢማ "እኚህ አያት ለልጅ ልጃቸው ይሆናል" ብላ ልታልፍ ስትል ሴትየዋ ዞር አሉ። አዳዳ ረቢአ ናቸው።

አዳዳ በኦሮምኛ የአባት እህት ማለት ነው። ነኢማ ገና ዳዴ የምትል ልጅ ሳለች እናቷ በወሊድ ደም ፈስሷት ሞታለች። አዝለው፣ አጥበው፣ ቁርኣን አስተምረው፣ በኋላም ከጨፋ ከሚሴ ድረስ ልከው ትምህርት ቤት ያስገቧት እኚህ ሴት ናቸው። ስለዚህ "አዳዳ" የሚለው ቃል በነኢማ አፍ ላይ ውሎ አድሮ እናት ማለት ሆኗል። አሁን ስልሳ አራት ዓመታቸው ነው፤ ጨፋ ውስጥ ከልጃቸው ከቃሲም ጋር ይኖራሉ፤ ከገበያ ቀን በቀር ከሚሴን አይረግጡም። ያን ቀን ደግሞ ገበያ አልነበረም።

"አዳዳ! አካም ጅርቱ? ምን ሆነው መጡ? ሰው ሞተ?"

"ነጋ ነው፣ ሰላም ነው። ሰው አልሞተም። አንቺ ደግሞ ከሰላምታው በፊት ቀብሩን አታስቀድሚው።"

"ይሄስ ምንድን ነው?"

"የቱ?" አሉ ረቢአ፤ ነጠላቸውንም ጠበቅ አደረጉ። "ይሄማ ለአፍናን ነው። ልጅቷ ደርሳ የለ? አያት ስጦታ ቢሰጥ ነውር ነው?"

"ነውር የለውም፤ አላህ ይስጥልኝ። እንግዲያው ይስጡኝና እኔ አደርስላታለሁ" ብላ ነኢማ እጇን ዘረጋች።

እሽጉን ያዘች። የረቢአ እጅ ግን አልለቀቀም። ሁለቱም እሽጉን እንደያዙ፣ ሻጩ እያያቸው፣ አንድ አፍታ ቆሙ። ነኢማ የአክስቷን ፊት አየች፤ አመድ የተነፋበት ይመስላል፤ ከንፈራቸው ነጥቷል። ክፉ ለማሰብ ሁልጊዜ የሚቸኩለው ልቧ በዚያች ሰዓት መሮጡን ትቶ ቀጥ አለ። እጇን ሰበሰበችና በዝግታ፣ "ቤት እንሂድ፣ አዳዳ" አለች።

በባጃጅ ሲሄዱ ሹፌሩ ስላለ ስለ ዝናብና ስለ ማሽላ ዋጋ ብቻ ተነጋገሩ። ቤት ሲደርሱ ነኢማ ልጆቹን ጎረቤት ላከች፤ በሩን ገርበብ አደረገች፤ እርጎ ቀድታ አቀረበችላቸው። ረቢአ ምንጣፉ ላይ ሳይሆን ጠርዙ ላይ፣ ነጠላቸውን አጥፈው ከሥራቸው አድርገው ተቀመጡ። እንዳያበላሹ የሚጠነቀቅ ሰው አቀማመጥ ነው። ነኢማ ይህን አይታ ከዚህ በላይ ዙሪያ ጥምጥም መሄድ አልፈለገችም።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?"

"ምኑ?"

"አዳዳ፣ ማሎ፣ እባክዎ! እኔን ያሳደጉኝ እርስዎ ነዎት። ውሸት አላስተማሩኝም።"

ረቢአ እርጎውን ሳይጠጡ አስቀመጡት። "ማሽላው ሲቆረጥ ነው የጀመረኝ" አሉ።

"ኅዳር! ያረቢ! ሦስት ወር ሙሉ?"

"አትጩኺ፤ ጎረቤት አለሽ። መጀመሪያ ጠብ ብቻ ነው ያለው። ሐይድ፣ የወር አበባው፣ ከተለየኝ አሥር ዓመት አልፎኛል፤ እንግዲህ ልጅነቴ ሊመለስ ነው ብዬ ሳቅሁ። ቃሲም አባቱ ከሞተ ወዲህ 'እማ፣ ባል ልፈልግልሽ?' እያለ ይቀልድብኛል፤ ይሄ ልጅ ሰምቶ እውነት እንዳያደርገው ብዬ ፈራሁ።"

ነኢማ ሳቀች፤ ሳቋ ግን እንባ ይዞ ወጣ።

"ቀጥሎ ሶላት አቆምኩ" አሉ ረቢአ፤ አሁን ድምፃቸው ዝቅ አለ። "ሐይድ ነው፣ በሐይድ ደግሞ አይሰገድም ብዬ ነዋ። መስገጃዬን አጥፌ ሳምንት ተቀመጥሁ። የልጄ ሚስት በዓይኗ ትጠይቀኛለች፤ እኔ ዓይኔን አሸሻለሁ። ቆመ፤ ታጥቤ ሰገድሁ። ደግሞ መጣ። አሁን ጭንቅ ውስጥ ገባሁ። በዚህ ዕድሜዬ ሶላቴ ከተበላሸ ምን ይዤ አላህ ፊት ልቆም ነው? በሸህ ኢብራሂም ባለቤት በኩል አስጠየቅሁ። ሸሁ 'ይህ ሐይድ አይደለም፤ ኢስቲሓዳ ነው፤ የበሽታ ደም ነው፤ ታጠቢ፣ ለየሶላቱ ወቅት እጅ እግርሽን ታጥበሽ ውዱእ አድርጊ፣ ስገጂ' አሉኝ። አልሐምዱሊላህ! ከላዬ ላይ ተራራ ወረደ። ከዚያ ወዲህ አንድ ወቅት አላመለጠኝም። ይኸው ነው፤ ነገሩ አልቋል፣ ልጄ።"

ረቢአ ይህን ሲሉ ፊታቸው በእርግጥ ረጋ። ሸሁ የመለሱት መልስ ስሕተት አልነበረበትም። ሴትየዋም የጠየቁት ለነፍሳቸው ተጨንቀው ነው፤ ይህም ያስመሰግናቸዋል እንጂ አያስወቅሳቸውም። ግን ብዙ ደጋግ እናቶች እዚህ ቦታ ላይ ይሳሳታሉ። አንዱ ጭንቅ ሲቀልላቸው ሌላውም አብሮ የቀለለ ይመስላቸዋል።

"ሸሁ የተጠየቁት ስለ ምን ነበር?" አለች ነኢማ።

"ስለ ሶላት።"

"የመለሱትስ?"

"ስለ ሶላት ነዋ።"

"ታዲያ ስለ ገላዎ ማን ጠየቀ፣ አዳዳ? ማንስ መለሰ?"

ረቢአ እጃቸውን አወናጨፉ። "ኧረ ተይኝ! አንቺን ማን ይሰማል? ልጅ ስታነጥስ ደሴ ይዘሽ የምትሮጪ! ዶሮ ያለ ሰዓቱ ቢጮህ ከፈን የምትለኪ! የአንቺን ፍርሃት ተከትለን ቢሆን ሁላችንም ስንት ጊዜ ተቀብረን ነበር።"

ቀልዱ ሌላ ቀን ቢሆን ነኢማን ያስቃት ነበር። ዛሬ ግን አጥንቷ ድረስ ዘለቀ። ሁልጊዜ ቤት ተቃጠለ እያለ የሚጮህ ሰው የእውነት ቤቱ ሲቃጠል ማን ውኃ ይዞለት ይመጣል? በየጉንፋኑ ያባከነችው ጩኸት አሁን ለምትወደው ሰው በሚያስፈልግበት ሰዓት ዋጋ አጣ። ስለዚህ መጮህ ተወች። እንባዋን ጠርጋ፣ እንደ ትምህርት ቤት ጊዜዋ ጉልበቷን አጥፋ ከፊታቸው ተቀመጠች።

"እሺ፤ አልጮህም። የሰማሁትን ብቻ ልንገርዎ። ሴት የወር አበባዋ ቆሞ ዓመት ካለፋት በኋላ የሚታይ ደም፣ ጠብታም ቢሆን፣ ሳይታይ አይታለፍም ይላሉ ሐኪሞች። ሁሉም ክፉ ነው አይሉም። አንዳንዱ በእርጅና የሳሳ ቆዳ ነው፤ አንዳንዱ ጉዳት የሌለው ትንሽ ሥጋ በቅሎ ነው፤ በመድኃኒት ይድናል። አንዳንዱ ግን የማህፀን በር ካንሰር ሊሆን ይችላል።"

"ስሙን አትጥሪው!" አሉ ረቢአ። "አዑዙ ቢላህ! ያ በሽታ በይው።"

"ስሙን ባንጠራውስ ይሄዳል?"

"አይሄድ ይሆናል፤ ግን ለምን ጠርተን እናስገባዋለን? ደግሞስ ቢሆን ምን አለ? ዕድሜዬን በልቻለሁ። ልጅ አሳድጌ፣ ድሬ፣ የልጅ ልጅ አይቻለሁ። አላህ የጻፈው ቀን አንዲት ጀምበር አይጨምርም፣ አይቀንስም።"

"ቀደሩን አልካድሁም። ግን አምና ዳለቻዋ ላም ወልዳ ደም አልቆም ሲላት ምን አደረጉ? ቃሲምን ከሚሴ ሰደው የከብት ሐኪም አላስመጡም? የላሟን ቀን ሌላ ሰው ነበር የጻፈው?"

"ላም አታፍርማ!" አሉ ረቢአ ቀልጠፍ ብለው።

"ብታፍር ኖሮስ ይተዉአት ነበር?"

ረቢአ የእርጎውን ዕቃ ወደ ጎን ገፋ አደረጉት። "አየሽ፣ ነኢማ፣ ዋናው እሱ ነው፤ ኀፍረቱ" አሉ። "ሠላሳ ሁለት ዓመት በትዳር ኖሬ ሟቹ ባሌ እንኳ ፋኖስ ሳላጠፋ አላየኝም፤ አላህ ይዘንለት። አሁን ለማላውቀው ጎረምሳ ሐኪም እግሬን ልክፈት? ቀብር ይሻለኛል።"

"ለቀብር የሚያጥብዎትስ ሰው ገላዎን አያይም?"

"ሴት ናታ የምታጥበኝ!"

"የምትመረምርዎትም ሴት ናት። ጤና ጣቢያ ሶፍያ የምትባል ነርስ አለች፤ የዚሁ የጨፋ ልጅ ናት፤ በኦሮምኛ ታናግርዎታለች። ከመጋረጃ ጀርባ ነው፤ እኔም እጅዎን ይዤ እቆማለሁ። ከዚያ ያለፈ ካስፈለገ ደግሞ ለሕክምና የተፈቀደውን ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቁታል።"

"አውቃለሁ" አሉ ረቢአ ሳይወዱ። "ታከሙ ተብለናል። በአስገዳጅ ነገር ይፈቀዳል።"

ነኢማ እዚህ ላይ እንደ መሸነፍ ሲሉ አየቻቸው። ግን መሸነፍ ብቻውን ሰው ከቤት አያስወጣም። ብዙ ሰው በክርክር ተረትቶ "እሺ፣ ኢንሻአላህ" ብሎ ይሄድና እዚያው ይቀራል። ስለዚህ አክስቷ ራሳቸው ካስተማሯት ነገር አንዱን አነሣች።

"አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ለየወቅቱ ውዱእ የሚያድሱት ለምንድን ነው?"

"ደሙ ስለማይቆም ነዋ። ሩኽሳ ነው፤ አላህ ለታማሚ ያቀለለው።"

"ታማሚዋ ማን ናት?"

ረቢአ የነጠላቸውን ጫፍ በጣታቸው ጠቀለሉ።

"በቀን አምስት ጊዜ አላህ ፊት 'ታምሜአለሁ፤ የታማሚ ሶላቴን ተቀበለኝ' ብለው ይቆማሉ። ከመስገጃው ሲነሡ ለቃሲም፣ ለሚስቱ፣ ለእኔ 'ደህና ነኝ' ይሉናል። ለማን ነው እውነቱን የተናገሩት፣ አዳዳ?"

ከውጭ የባጃጅ ጡሩምባ ተሰማ፤ አለፈ። ረቢአ ነጠላቸውን ከትከሻቸው አውርደው ፊታቸውን ጠረጉበት። በመጨረሻ፣ "ትምህርት ቤቱ ምላስሽን ስሎታል" አሉ።

"የሳሉት እርስዎ ነዎት። እዚያ የላከኝ ማን ሆነና?"

"ኢንተላ ኮ፣ ልጄ" አሉ ረቢአ። "ሶላቱ ምክንያት ነው፤ ኀፍረቱም ምክንያት ነው። ፈርቼ ነው። እናትሽን ያጠብኳት እኔ ነኝ። ያን ደም እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። አሁን በራሴ ላይ ሳየው፣ ዓይኔን ከጨፈንኩ የሚሄድ መሰለኝ።"

ነኢማ ይህን ከአክስቷ አፍ ሰምታ አታውቅም። በእሷ ቤት ፈሪ እሷ ብቻ ናት፤ አዳዳ ደግሞ ሌላው ሁሉ የሚደገፍባቸው ምሰሶ ናቸው። ተጠግታ ራሷን ጭናቸው ላይ አደረገች። "እኔም ፈርቻለሁ" አለች።

"አንቺማ ያልፈራሽበት ቀን መቼ አለ?" አሉ ረቢአ ጠጉሯን እየዳበሱ፤ ሁለቱም በእንባቸው መካከል ሳቁ። ከዚያ አሮጊቷ በድንገት እጃቸውን አቆሙ። "ቆይ እንጂ፤ አንቺስ? ይሄን ሁሉ ታውቂያለሽ፤ ተመርምረሻል?"

ነኢማ ቀና አላለችም።

"መልሺልኝ እንጂ!"

"ሠላሳ ዓመት ያለፋት ሴት ሁሉ ትምጣ ብለው ጠርተውን ነበር። ክፉ ነገር ይሉኛል ብዬ ሳልሄድ ቀረሁ።"

"ሱብሃነላህ! ለእኔ ስብከት፣ ለራስሽ ሽሽት! በይ እንግዲህ ነገ ጎህ ሲቀድ ፈጅር ሰግደን አብረን እንሄዳለን። አንቺ ካልገባሽ እኔም አልገባም።"

በማግስቱ ጠዋት ሁለቱም ጤና ጣቢያው አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። ማን ቀድሞ ይግባ በሚለው ትንሽ ተከራከሩ፤ ረቢአ አሸነፉና ነኢማ ቀደመች። ሶፍያ የማህፀኗን በር በአቼቶ ቀብታ አየች፤ ነጭ የሆነ ነገር የለውም፤ ደህና ነሽ አለቻት። ነኢማን ለዓመታት ሲያስፈራራት የነበረው ነገር አንድ ሰው ጫማ እስኪያስጠርግ በማይፈጅ ጊዜ አለቀ። ወጥታ አክስቷን እጃቸውን ይዛ አስገባች።

ረቢአ ሲገቡ ሶፍያ በኦሮምኛ ሰላም አለቻቸው፤ የማን ቤተሰብ እንደሆኑ ጠየቀች፤ መጋረጃውን እስከ ዳር ሳበችው። የሚሸፈኑበት ነገር ሰጠቻቸው። አሮጊቷ ዓይናቸውን ጨፍነው የቁርኣኑን ቁልሁወላሁ በቃላቸው ይደግማሉ፤ የነኢማን እጅ ጨብጠው ጣቶቿን አደነዘዟቸው። ሲያበቃ ሶፍያ እጇን ታጥባ ከአጠገባቸው ተቀመጠች።

"እናቴ፣ የአቼቶው ምርመራ ለእርስዎ ዕድሜ አይሆንም" አለች። "ሲያረጁ የምናየው ቦታ ወደ ውስጥ ይሸሻል፤ ደህና ነው ብል ልሳሳት እችላለሁ። ደሙ ደግሞ ዝም የሚባል አይደለም። ደሴ ሆስፒታል ልጽፍልዎ ነው፤ እዚያ ከሥጋው ቆንጠር አድርገው ናሙና ይወስዳሉ። ክፉ ነው ማለቴ አይደለም፤ ምን እንደሆነ ሳናውቅ አንቀመጥ ማለቴ ነው።"

"ከልጄ ልጅ አትበልጪም እኮ፤ በእናትሽ ምላስ ነው የምትናገሪው" አሉ ረቢአ እየተነሡ። "አላህ ያሳድግሽ።"

ለቃሲም የነገሩት ራሳቸው ናቸው። ልጃቸው ሰምቶ ሲያለቅስ፣ "አልቅሰህ ስትጨርስ ተከተለኝ፤ ዑመር መኪናው ፊት ቦታ ይዞልኛል፤ እኔ እየሄድኩ ነው" አሉት። ደሴ ናሙናው ተወሰደ፤ ወደ አዲስ አበባ ተላከ፤ መልሱ ጥቂት ሳምንት ይቆያል ተባለ።

ያ ጊዜ ለነኢማ መከራ ሆነ። ረቢአ ጨፋ ተመልሰው ሥራቸውን ይሠራሉ፤ እሷ ግን ከሚሴ ተቀምጣ በሐሳቧ ገላቸውን ታጥባለች፣ ትከፍናለች፣ ትቀብራለች። ስልክ ስትደውል ረቢአ፣ "እህስ፣ ቀበርሽኝ ወይስ ገና ነው?" ይሏታል። "ኧረ አዳዳ!" "ከቀበርሽኝስ ድንጋዩን አታብዢው፤ ወገቤን ያመኛል።" ነኢማ ስልኩን ዘግታ ትስቃለች፤ ከዚያ ታለቅሳለች፤ ከዚያ ደግሞ ለአፍናን ሽሮፕ ታጠጣለች፤ ልጅቷ ግን ከዳነች ቆይታለች።

ውጤቱ በመጣ ቀን ከሐኪሙ ፊት ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ጎልማሳ፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው ነው። "እናቴ፣ ካንሰር ነው፤ ግን—" አለ።

ነኢማ ከዚያ በኋላ አልሰማችም። ክፍሉ ጆሮዋ ላይ ተደፋ። ዕድሜዋን ሙሉ የጠበቀችው ክፉ ቀን ይኸው በሩን ከፍቶ ገባ። መጮህ ስትጀምር ረቢአ ክንዷን ያዙ።

"ዝም በይ! አብሽሪ! ሰውዬው 'ግን' ብሏል። ግኑን እንስማለት።"

ሐኪሙ ፈገግ አለ። "ትክክል ነዎት፤ ዋናው ያለው ከግን በኋላ ነው" አለ። "የማህፀን በር ካንሰር አንድ ዓይነት ብቻ አይደለም። የእርስዎ ብዙ ጊዜ የማያጋጥመን ነው፤ እኔ ራሴ ያየሁት ጥቂት ነው። በወጣቶች ላይ እምብዛም አይታይም፤ የወር አበባቸው ካቆመ የቆዩ ሴቶችን ነው የሚይዘው። ጠባዩ ዝግ ያለ ነው፤ በአብዛኛው ካለበት ቦታ ቶሎ አይንቀሳቀስም። ናሙናው እንደሚያሳየው ገና ትንሽ ነው። ማህፀኑን በቀዶ ጥገና እናወጣዋለን፤ ከዚያ በየጊዜው እየመጡ እናይዎታለን። የሚድን ይመስለኛል።"

"ደሙ ከሱ ነው የመጣው?" አሉ ረቢአ።

"ምናልባት ከሱ አይደለም፤ በእርጅና ከሳሳው ቆዳ ሊሆን ይችላል። ይህ ዓይነቱ ብዙ ጊዜ ምልክት እንኳ አያሳይም። ደሙ ወደኛ ባያመጣዎት ኖሮ አናውቀውም ነበር።"

"ባልመጣስ ኖሮ?" አለች ነኢማ።

"ከዚህ ዓይነቱ ጎን ሌላው ክፉው ዓይነት አብሮ ሊበቅል ይችላል። ያ ደግሞ አይዘገይም። ሰው ዘግይቶ ሲመጣብን እጃችን ባዶ ይሆናል፤ በጊዜ ሲመጣ ግን የምንሠራው አለን።"

ረቢአ ትንሽ አሰቡ። "ማህፀኔ አሁን ምን ይሠራልኛል? ሥራውን ጨርሷል። ልጆቼን በደንብ አስተናግዷል፤ በክብር ጡረታ ይውጣ" አሉ። ሐኪሙ ሳቀ። ነኢማም ሳቀች። ክፉው ስም ተጠርቷል፤ ቤቱ ግን አልፈረሰም። ከስሙ በኋላ ገና የሚነገር፣ የሚሠራ፣ የሚሳቅበትም ነገር ነበር። ነኢማ ይህን ያን ዕለት ባታየው ኖሮ ማንም ቢነግራት አታምንም።

ቀዶ ጥገናው በሰላም አለቀ። የወጣው ሥጋ ሲመረመር ሌላ ክፉ ነገር አልተገኘበትም። ረቢአ ከነኢማ ቤት አገገሙ። ረመዷን ሲገባ ቁስላቸው ሽሮ ስለነበር በሐኪሙ ፈቃድ ጾሙ፤ ሶላታቸውንም ያለ ጨርቅ፣ ያለ ሥጋት ሰገዱ። ከዒድ በኋላ ወደ ጨፋ ተመልሰው በመጀመሪያ የሄዱት ወደ ሸህ ኢብራሂም ቤት ነው። ሸሁ ነገሩን ከባለቤታቸው ሰምተው አንገታቸውን ደፉ። "የተጠየቅነውን ብቻ መለስን" አሉ። ከዚያ ወዲህ አንዲት ሴት እንዲህ ያለ ጥያቄ ስታስጠይቃቸው ስለ ሶላቱ ከነገሯት በኋላ "ጤና ጣቢያ ሳትሄጂ ግን አትደሪ" ይሏታል።

ክረምቱ ወጥቶ የጨፋ ሣር ጉልበት ሲደርስ ነኢማ አክስቷን ልትጠይቅ ሄደች። ከግቢው ስትደርስ ረቢአ ከጎረቤታቸው ከመሪየም ጋር ግንቡ ሥር ተቀምጠው ይነጋገራሉ። መሪየም በዕድሜ ትንሽ ታንሳቸዋለች። ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ አንገቷን ትነቀንቃለች። ለነኢማ የመሪየምም ነገር ያው ደም መሆኑ ወዲያው ገባትና ራቅ ብላ ቆመች።

"እኔ ምን አገኘሁ በይኝ" ይላሉ ረቢአ። "ሶላቴን በንጽሕና አገኘሁ። እንቅልፌን አገኘሁ፤ ማን አየኝ ብዬ ጨርቅ ስደብቅ መኖር ቀረልኝ። ቃሲም ከመቃብሬ ላይ ድንጋይ በመከመር ፈንታ ወንበር አምጥቶ አጠገቤ ይቀመጣል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ምን እንደነበረ አወቅሁ። የማታውቂው በሽታ እኮ ቤትሽን ሁሉ ይሞላል፤ ያወቅሽው ግን ቦታ ቦታውን ይይዛል። ለአንቺ ምናልባት ምንም ላይሆን ይችላል፤ ምንም አለመሆኑን ሰምተሽ ብትመለሺ ምን ትጎጃለሽ?"

"ልክ ነሽ፣ ረቢአ፤ ሁሉም ገብቶኛል" አለች መሪየም። "ግን ወላሂ እፈራለሁ።"

"ፍሪ!" አሉ ረቢአ፤ ጉልበታቸውን ይዘው ተነሡ፤ እጃቸውንም ዘረጉላት። "አትፍሪ ማን አለሽ? እኔም ፈርቼ ነው የሄድሁት፤ ያቺ ከበሩ የቆመችውማ ስትፈራ ነው የተወለደችው። እየፈራሽ ተነሺ።"

መሪየም እጃቸውን ይዛ ተነሣች። ነኢማም ቀርባ በሌላው ጎኗ ቆመች፤ ሦስቱም ጤና ጣቢያ ሊሄዱ ወደ አስፋልቱ መንገድ ጀመሩ።